ሦስት ቀን የቆመው እንጨት

ሦስቱን ዘለላ በግራ መዳፌ ይዤ፣ በቀኝ አውራ ጣቴ እየጠመዘዝኩ፣ አንዱን በሌላው ላይ አሳልፋለሁ። ጫፉን በእግሬ ጣት ወጥሬዋለሁ። ጥቁር፣ ቡላ፣ ጥቁር። የፈረስ ጋማ ሲገመድ እጅ ይበላል፤ ወደ ማታ ላይ ጣቶቼ የኔ አይመስሉኝም።

“ይሄ ገመድ ዘንድሮ ያልቃል?” አለችኝ ኦዩን። የወንድሜ ሚስት ናት። ከጌራችን፣ ከሱፍ ድንኳናችን፣ ደጃፍ ፍየል አጋድማ፣ ሱፉን በብረት ማበጠሪያ ትጎትታለች። “ለሳጥንሽ ማሰሪያ ይበቃል እኮ። ግመል ልታስሪበት ነው?”

“ትንሽ ቀረው” አልኳት።

ለሳጥን ማሰሪያ አልነበረም የጀመርኩት። በክረምቱ አጋማሽ ስጀምረው ለእረኛችን ለሶድኖም ኡርጋ ብዬ ነበር። ኡርጋ ከሰው ቁመት ሦስት እጥፍ የሚረዝም የፈረስ መያዣ እንጨት ነው፤ ጫፉ ላይ የገመድ ቀለበት አለው። የሶድኖም ቀለበት ማርጀቱን አየሁና ሳልነግረው አዲስ ልገምድለት ተነሣሁ። ከዚያ ነገሩ ሁሉ ተለዋወጠ። አክስቴ ከከተማ ሥራ አገኘሁላት አለች፤ ከሥራው ጋር ደግሞ የሚያገባኝ አንድ ሰው አገኘች፤ አባቱ ሦስት የጭነት መኪና አለው። ነገ ሐሙስ ከሦስቱ አንዱ መጥቶ ይወስደኛል። ገመዱም በዚያው ለሳጥን ሆነ።

አባቴ ጋልሳን እስከ ማክሰኞ ድረስ እሺም እምቢም አላለም ነበር። ማክሰኞ ማታ ከፈረሱ ወርዶ፣ ኮርቻውን አስቀምጦ፣ ሳይቀመጥ “ትሂድ” አለ። በቃ። ሻዩን ጠጥቶ ተኛ።

ሶድኖም የአባቴን ሁለት መቶ ፈረሶች ከሐይቁ ዳር ይጠብቃል። አምና የራሱ ፈረሶች ነበሩት፣ ሰማንያ። በረዶው ሣሩን እንደ ድንጋይ በላዩ ላይ የቆለፈበት ያ ክረምት ሲያልፍ አራት ቀሩት። ጸደይ ላይ አባቴ ዘንድ መጥቶ “ጋሼ፣ እረኛ አያስፈልግዎትም?” ሲል እኔ ሻይ እቀዳ ነበር። ጽዋውን እንደ ደንቡ በሁለት እጁ ተቀበለኝ። ሲቀበል ጽዋውን እንጂ እኔን አላየኝም። ሲመልስልኝ ግን ቀና አለ። ያን ያህል ነው በመካከላችን የተደረገው፤ ጽዋ ሲሰጥና ጽዋ ሲመለስ። ዓመት ሙሉ በዚያ ኖርኩ።

ከዐሥር ቀን በፊት ወንድሜ ስንቅ ሲወስድለት፣ በደረቀ እርጎው ከረጢት ውስጥ ወረቀት ከተትኩ። እንዲህ ይላል፦ “አክስቴ ሐሙስ መኪና ትልካለች። ልሂድ ወይስ ልቅር? አንተ ተናገር።” ስሜን አልጻፍኩም። መልስ አልመጣም።

“መንገድ መንገዱን አትዪ” አለች ኦዩን፣ ዓይኗን ከፍየሉ ሳታነሣ። “ልንገርሽ አልንገርሽ እያልኩ ነው የዋልኩት። ያ ሰውዬሽ ኡርጋውን ተክሏል።”

እጄ ቆመ።

“የት?”

“ከሐይቁ በላይ፣ ጉብታው ሥር። ሰኞ ባሌ አየው። ትናንትም ቆሟል። ዛሬ ጠዋት ጨው ይዞ የመጣው ነጋዴም አይቶት ዞሮ አለፈ። ሦስት ቀን እኮ ነው አንቺ! እኔ ያዘንኩት ለሴትዮዋ ነው። ምሳ እንኳ የላት ይሆን?”

ሜዳ በር የለውም፤ በራችን ያ እንጨት ነው። ኡርጋ ቀጥ ብሎ ከተተከለ ሁለት ሰዎች ብቻቸውን መሆን ፈልገዋል ማለት ነው። ያየ ሰው ፈረሱን ያዞራል፤ ማነው ብሎ አይጠይቅም፣ ዞሮም አያይም። ልጅ ሆነን “አባባ፣ እዚያ ምንድነው?” ስንል አባቴ “ንፋስ ነው” ይለን ነበር።

ኦዩን ሳቀች፤ እኔም አብሬያት ሳቅሁ። ሳቄ እንደ ደረቅ ቆዳ ተሰማኝ። ገመዱን ጠቅልዬ ከካፖርቴ ደረት ውስጥ ከተትኩና ገባሁ።

አባቴ እርካብ ይጠግናል።

“አባባ፣ አይተውታል?”

ምኑን አላለኝም።

“አይቻለሁ” አለ። እርካቡን አስቀመጠ። “ሂጂ፣ ዱልማ። ከተማው ይሻልሻል። እዚህ ምን አለ? በረዶ ነው፤ ከበረዶም ቀጥሎ በረዶ።” ድምፁ ውስጥ ቁጣ ቢኖር ኖሮ እከራከረው ነበር። ድካም ብቻ ነበር። ከደከመ ሰው ጋር ምን ተብሎ ይከራከራል?

ፈረሴን ጫንኩ።

“የት ነው?” አለች ኦዩን።

“ልሰናበት።”

“ማንን? ኧረ አንቺ ልጅ! ኡርጋ ወደቆመበት?”

ኮርቻው ላይ ወጣሁ። እውነቱን ለመናገር የሴትዮዋን ፊት ማየት ነበር የፈለግኩት። ልጣላት አይደለም። አንድ ጊዜ አይቼ፣ ነገሩ እንዲያልቅልኝና መኪናው ላይ እንድተኛ ነው። እንቅልፍ አምሮኝ ነበር፤ ክረምቱ ካለፈ ጀምሮ ያላገኘሁት ዓይነት እንቅልፍ።

* * *

እንጨቱ ከሩቅ ታየኝ፤ እንደ ክር የቀጠነ፣ ሰማዩ ላይ የተሰፋ። ፈረሴም አየው፤ ጆሮውን ወደ ኋላ ጥሎ ወደ ጎን ይሸሽ ጀመር። በተረከዜ ነካሁት። ወደ ቆመ ኡርጋ መጋለብ የሰው መኝታ መጋረጃ እንደ መግለጥ ነው። ከተወለድኩ እንዲህ ያለ ነገር አድርጌ አላውቅም። ፊቴ ነደደ። ግን አልተመለስኩም።

መቶ እርምጃ ያህል ሲቀረኝ ወረድኩ። ሦስት ጊዜ አሳልኩ። ንፋሱ ብቻ ያረጀውን የገመድ ቀለበት ከእንጨቱ ጋር ያጋጨዋል፤ ጠቅ፣ ጠቅ።

“ሰዎች ናችሁ?” አልኩ። ከአፌ የወጣው እሱ ነው።

ከእንጨቱ ሥር አንድ ነገር ተነሣ።

መጀመሪያ አመድማ ካፖርት የለበሰች ሴት መሰለችኝ። ቀጥሎ ካፖርቱ ሁለት ክንፍ ሆኖ ተዘረጋ። ቶጎሩ ነበረች። ሽመላ የምታክል ወፍ ናት፤ ረጅም እግር፣ ጥቁር ደረት፣ ከዓይኗ ኋላ እንደ ሽበት የሚወርድ ነጭ ላባ። በየጸደዩ ከደመና በላይ ሲያልፉ ድምፃቸውን እሰማለሁ፤ እንዲህ ቀርባኝ ግን አታውቅም። አልሸሸችም። ክንፏን እንደዘረጋች፣ አንገቷን ዝቅ አድርጋ ወደ እኔ መጣች። ፈረሴ ልጓሙን መንጥቆኝ ወደ ኋላ አለ። እኔ ግን እዚያው ቆምኩ። ቀይ ዓይኗ ዓይኔን ያዘው። ልታባርረኝ አቅም እንደሌላት ታውቃለች፤ ማወቋም ከዓይኗ ይነበባል። ቢሆንም መጣች።

ከኋላዋ፣ ጠጠሩ ላይ፣ ሣር እንኳ ሳይነጠፍላቸው፣ ነጠብጣብ ያለባቸው ሁለት እንቁላሎች ነበሩ።

“አትንቀሳቀሺ!” አለ የወንድ ድምፅ። “በቀስታ ወደ ኋላ በይ። በግራሽ ባሏ አለ፤ እሱ ይነክሳል።”

ሶድኖም ከጉብታው ጎን ካለች ጎድጓዳ እያዘገመ ወጣ። ተቀምጦ ተኝቶ እንደነበር ያስታውቃል፤ የልጓሙ ክር ጉንጩ ላይ ታትሟል። ከንፈሩ ተሰነጣጥቋል፤ ዓይኑ ደም ለብሷል። እኔን ሲያይ ኮፍያውን ፈለገ፤ ኮፍያው ግን ራሱ ላይ ነበር።

“መጣሽ?” አለኝ።

“የት አለች?”

“ማን?”

“ሴትዮዋ።”

ወደ ወፏ ዞሮ አየ። እንደገና ወደ እኔ። “ያቻትና” አለ፣ ግራ ተጋብቶ።

ጎድጓዳዋ ውስጥ ጎን ለጎን ተቀመጥን። ከዚያ ወፏም መንጋውም ይታያሉ፤ ባዝራዎቹ ከነውርንጭላዎቻቸው ሐይቁን ተደግፈው ይግጣሉ። እሱ ሲናገር ዓይኑን ከእንጨቱ አይነቅልም።

“ሰኞ ነው መንጋውን ወደዚህ ዳርቻ ያዞርኩት። ለውሃ እየነዳኋቸው ነበር። ድንጉላው ፊት ፊት ይሄዳል። ድንገት ቀጥ አለ። ምን አየ ብዬ ብጋልብ፣ ይቺ ወፍ ክንፏን ዘርግታ ከአፍንጫው ሥር ቆማለች። ከኋላው ሁለት መቶ ፈረስ እየመጣ ነው፣ ዱልማ! ተኩላ የማይመልሰውን ድንጉላ እሷ መለሰችው።” ትንፋሹን ሳበ። “ነገ ግን ትመልሰው እንደሆነ ማን ያውቃል? ማታ ማታ ባዝራዎቹ ይወልዳሉ፤ ቀን ደግሞ እንቅልፍ ይጥለኛል። ስተኛ ይረጋግጧታል ብዬ ፈራሁ። ፈረስ ኡርጋ ሲያይ ይሸሻል አይደል? ስለዚህ ተከልኩላት።”

“ሰውም ይሸሻል” አልኩት።

“እ?”

“ሶድኖም፣ ሦስት ቀን እኮ ነው የቆመው።”

ቀስ እያለ ሲገባው አየሁት፤ ከአንገቱ ጀምሮ እስከ ጆሮው ቀላ።

“ወይኔ” አለ። “ለፈረስ ብዬ... ስለ ሰው አላሰብኩም። ማን አየ?”

“ማን አላየም በል። ኦዩን ሴትዮዋ ምሳ የላት ይሆን ብላ ተጨንቃለች።”

ሳቅሁ። ሳቁ መሐል ላይ ተሰበረና እንባ ሆነ። ሊይዘኝ እጁን ዘረጋ፤ አየር ላይ አቆመው፤ መልሶ ጉልበቱ ላይ አኖረው። ያ እጅ አየር ላይ መቆሙ ነው ይበልጥ ያስለቀሰኝ።

“ደብዳቤዬስ?”

ከደረቱ አወጣው። እጥፋቱ ላይ ሊበጠስ ደርሷል። ጀርባው በእርሳስ ተሞልቷል፤ ጽፎ ሰርዞ፣ ጽፎ ሰርዞ። ከተሰረዘው አንዱን አነበብኩ፦ “አራት ፈረስ ነው ያለኝ።” ከሥሩ እንደገና፦ “አራት ፈረስ።”

“ልሂድ ወይስ ልቅር ነው ያልኩህ” አልኩት። “ስንት ፈረስ አለህ መቼ አልኩ?”

ወፏ ተመልሳ፣ እንቁላሎቹን በምንቃሯ አገላብጣ፣ እግሯን አጥፋ ተቀመጠች።

“አምና ሰባ ስድስት ሬሳ ጎትቻለሁ” አለ። “በዚሁ እጄ። ገመድ እግራቸው ላይ አስሬ፣ አንድ በአንድ። መጨረሻ ላይ ስማቸውን መጥራት ተውኩ። ከዚያ ወዲህ የኔ የሆነ ነገር መያዝ እፈራለሁ። የአባትሽን ፈረስ እጠብቃለሁ፤ ቢሞትም የአባትሽ ነው። አንቺን ግን ቅሪ ካልኩሽ... ክረምት ደግሞ ይመጣል፣ ዱልማ። ሁልጊዜ ይመጣል።”

“ይቺ አታውቀውም?”

ወደ ወፏ አመለከትኩ።

“ጠጠር ላይ ነው የጣለችው። ቤት የላት፣ ሣር እንኳ አልጎዘጎዘች። እንዲህ ሆና ፈረስ ትመልሳለች።”

“አውቃለሁ” አለ፣ ድምፁ ሻክሮ። “ሦስት ቀን ሙሉ ሳይ የዋልኩት እሱኑ ነው። ሳያት ውዬ፣ ያንቺን ወረቀት አወጣለሁ። ከዚያ እሰርዛለሁ።” ፊቱን ወደ እኔ አዞረ። በዓመት ውስጥ ለመጀመሪያ ጊዜ በመካከላችን ጽዋ አልነበረም። “ቅሪ” አለኝ።

ወፏን ላለማስደንገጥ ዝቅ አድርጎ ነው የተናገራት። ቢጮህ ኖሮ እንደዚያ አልሰማትም ነበር።

* * *

ፀሐይዋ ወደ ሐይቁ ስታጋድል ከጉብታው ማዶ የሳል ድምፅ መጣ። የአባቴ ሳል ነው። ኦዩን ነግራዋለች ማለት ነው። ብቅ ብዬ ሳይ፣ ፈረሱ ላይ ሆኖ ጀርባውን ሰጥቶናል።

“ለብሳችኋል?” ብሎ ጮኸ፣ ወደ ሰማዩ።

ሶድኖም ተፈናጥሮ ተነሣ። “ጋሼ! ጋሼ፣ ወፍ ናት!”

“ምን?”

“ወፍ ናት ጋሼ! ኡርጋውን የተከልኩት ለወፍ ነው!”

“ስድሳ አራት ዓመቴ ነው” አለ አባቴ፣ አሁንም ጀርባውን እንደሰጠን። “ብዙ ዓይነት ሰበብ ሰምቻለሁ። ይሄን አልሰማሁም።”

“አባባ፣ ይዙሩና ይዩ” አልኩ።

ዞረ። መጀመሪያ ካፖርቴን አየ፤ ቁልፎቹ እስከ አገጬ ተቆልፈዋል። ቀጥሎ እንጨቱን። ከዚያ ቶጎሩዋ ተነሥታ ክንፏን ዘረጋችበት፤ ያንኑ እርምጃ ወደ እሱ መጣች። አባቴ ከፈረሱ ወረደ። ኮፍያውን አወለቀ። ለሰው ሲያወልቅ ያየሁት ለአዲስ ዓመት ብቻ ነው።

“እሺ እናቴ፣ እሺ” አላት ለወፏ። “አልመጣሁም።”

ከዚያ እዚያው መሬት ላይ ቁጭ አለ፤ ኮፍያውን በጉልበቱ ላይ አድርጎ። ሽማግሌ መሆኑን ያን ቀን ነው ያየሁት።

“ትናንት መጥቼ ነበር” አለ፣ ሶድኖምን ሳያይ። “ፈረስ ልቆጥር አይደለም። ሴት ልጅ ያለው አባት ሄዶ አይለምንም፤ አውቃለሁ። ግን ይቺ ልጅ ጽዋህን ስታጥብ አያታለሁ፤ ከሌላው ጽዋ ሁለት እጥፍ ታቆየዋለች። ትጠይቀኛለህ ብዬ ዓመት ጠበቅኩህ። መጠበቅ ደከመኝ። ልጄን ትፈልጋታለህ ወይስ አትፈልጋትም ብዬ በራሴ አፍ ልጠይቅህ ነበር የመጣሁት። እዚያ ማዶ ስደርስ እንጨቱን አየሁ። ፈረሴን አዞርኩ።”

ማክሰኞ ማታ ሳይቀመጥ “ትሂድ” ያለበት ፊት ትዝ አለኝ። በእኔ ላይ የፈረደ መስሎኝ ነበር፤ ለካ እሱም ተሰብሮ ነው የገባው።

ሶድኖም ከፊቱ ተንበረከከ። ለልመና የሚያዘው ሰማያዊ የሐር ሻሽ የለውም። ሁለት ባዶ እጁን፣ ሻሹ እንዳለበት አድርጎ፣ ዘረጋ።

“ጋሼ፣ አራት ፈረስ አለኝ” አለ።

“ከመንጋዬ ጋር አይደል የሚግጡት” አለ አባቴ። “ቁጥር አታስተምረኝ።” የተዘረጉትን እጆች ለረጅም ጊዜ አያቸው፤ በገመድ የተቆረጠውን መዳፍ። ከዚያ የራሱን እጆች ከሥራቸው አድርጎ ደገፋቸው። እሺታ ነው ያ። “ግን ለአክስትሽ አንቺ ነሽ የምትነግሪያት” አለኝ ወደ እኔ ዞሮ። “እኔ እሷን እፈራለሁ።”

ወደ ቤት ስንመለስ ፈረሱ ላይ እንቅልፍ ይዞኝ ሄደ። አባቴ ልጓሜን ይዞልኝ ነበር። ለምን እንዳነባሁ አልጠየቀኝም። ንፋስ ነው ብሎ አልፎት ይሆናል።

* * *

መኪናው ሐሙስ መጥቶ፣ ሻይ ጠጥቶ፣ ባዶውን ሄደ። ለአክስቴ ደብዳቤ ላክሁ፤ አራት ጊዜ ሰርዤ ነው የጻፍኩት። ሳጥኔን ኦዩን ራሷ ፈታችልኝ። “ወፍ!” ትላለች ልብስ ባወጣች ቁጥር። “ሦስት ቀን ሙሉ ለወፍ! አሁን ይሄን ለሰው ብትነግሪ ማን ያምንሻል?” ማንም አላመነም። እስከ ዛሬ ነጋዴው ሶድኖምን ሲያይ ጺሙን እየዳበሰ ፈገግ ብሎ ያልፋል።

በቀጣዩ ሰኞ ሁለቱም እንቁላሎች ተፈለፈሉ። ጫጩቶቹ ማግስቱን በእናታቸው ኋላ እየተውተረተሩ ወደ ሣሩ ገቡ፤ አባትየው ከኋላ። አንዴም ወደ እኛ ዞረው አላዩም። ክረምት እንደሚመጣ ያውቃሉ፤ ከዚያ በፊት ግን መብረር ይማራሉ።

ሶድኖም እንጨቱን ነቀለው። ጠጠሩ ላይ ጣት የምታስገባ ቀዳዳ ቀረች፤ በጫማው ደፈናት። እኔ ጫፉን ጉልበቴ ላይ አድርጌ ያረጀውን ቀለበት ፈታሁ። ገመዴን ከደረቴ አወጣሁ፤ ማሰሪያው ብቻ ነበር የቀረው። ጥቁር፣ ቡላ፣ ጥቁር። ሁለቴ አዞርኩት፣ በጥርሴ ሳብኩት፣ ቋጠርኩት።

“ይይዛል?” አለኝ።

“ሞክረው።”

አልሞከረውም። እንጨቱን ከእጄ ተቀብሎ ሣሩ ላይ አጋደመው። ሴት ልጅ ኡርጋ አትሻገርም፤ ዙሪያውን ዞሬ፣ እሱ ካለበት በኩል መጥቼ ተቀመጥኩ።